ይቅር ካልነው ሰው ጋር እንደ ቀድሞው መሆን ግዴታ ነው?

የማኅበር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ብቻዬን ይዤው የከበደኝ ነገር አለና አወያዩኝ።

የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። በየወሩ በ12 በየተራ በየቤታችን እንሰበሰባለን። አብዛኞቻችን አንድ ሰፈር ያደግን ነን። ከአባሎቻችን የአንዷ ባለቤት ኩላሊቱን ታመመና እጥበት ጀመረ። እጥበት የገባበት ቤት ያውቀዋል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዴ ከፍለው የሚገላገሉት አይደለም። ማኅበሩ አዋጣ፣ ውጭ ያሉ ልጆችም ላኩ። ገንዘቡ በገንዘብ ያዣችን እጅ ነበር። መጀመሪያ ላይ ለቤተሰቡ ሰጣቸው። ከዚያ "ዛሬ ባንክ ሲስተም የለም"፣ "ነገ"፣ "ከነገ ወዲያ" ማለት አበዛ። በኋላ ለራሱ ጉዳይ እንዳዋለው ታወቀ። እሱ ነገ እያለ ሚስትየው እጥበቱ እንዳይቋረጥ ብላ የጋብቻ ወርቋን ሸጠች።

ሰውየው ለተወሰነ ጊዜ ጠፋ። ከዚያ ሽማግሌ ይዞ፣ ንስሐ አባቱን አስቀድሞ መጣ። ሁላችንም ባለንበት ተንበርክኮ "በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ" አለ። ከወሰደው ከፊሉን መልሷል፣ የቀረውን በየወሩ እየከፈለ ነው። ሁላችንም "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልን። ሚስትየውም አለች።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ሲመጣ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ጽዋው ከእሱ እጅ ሲመጣ አንዳንዱ ተቀብሎ ከንፈሩን ሳያስነካ ለቀጣዩ ያሳልፋል። ወጥቶ ሲሄድ ደግሞ ሐሜቱ ይደራል። በሌላ በኩል ሙሴያችን፣ የማኅበሩ መሪ፣ "ይቅር ካልን ገንዘብ ያዥነቱን እንመልስለት፤ ካልመለስንለት ይቅርታችን የአፍ ነው" ይላሉ። ይሄኔ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "አትፍረዱ ተብሏል" ይላል። ግማሹ "ሌባ ምን ጊዜም ሌባ ነው" ይላል።

እኔ ይቅርታው እውነተኛ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ገንዘቡን ግን ለእሱ ለመስጠት ልቤ እሺ አላለኝም። ይሄ ቂም ነው? ወይስ ጥንቃቄ?

እናት ዓለም

ልጄ፣ ጽዋውን ያለ መቅመስ ማሳለፍ የሚባለው ነገር በጣም አሳዘነኝ። ጽዋው የሱ ሳይሆን የሚካኤል ነው። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ያሉት አባቶች ለዚህ ነው። የገንዘቡን ጉዳይ ሊቃውንቱ ይናገሩበት። ጽዋውን ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ አስተካክሉት።

ዲያቆኑ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ብዙ ቤት ያለ ጥያቄ ነው። ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ማቴዎስ 18 ላይ ጴጥሮስ "ወንድሜ ቢበድለኝ ስንት ጊዜ ልተውለት? እስከ ሰባት ጊዜ?" ብሎ ይጠይቃል። ጌታም እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት አለውና የሁለቱን ባሪያዎች ምሳሌ ነገረው። አንዱ ለንጉሡ እልፍ መክሊት ነበረበት። ሌላው ለባልንጀራው መቶ ዲናር ነበረበት። ስንሰብክ የመጀመሪያው ብዙ፣ ሁለተኛው ምንም እንዳልሆነ አድርገን እናልፈዋለን። ቆም ብለን እናስላው። አንድ ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ማቴዎስ 20 ላይ በወይኑ ቦታ የዋሉት ሠራተኞች የተዋዋሉት በዚያ ነው። መቶ ዲናር ማለት ከሦስት ወር በላይ የሰው ላብ ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም! አንድ መክሊት ደግሞ ወደ 6,000 ዲናር ነው። እልፍ መክሊት ስድሳ ሚሊዮን የሥራ ቀን ይሆናል፤ ከ160 ሺህ ዓመት በላይ ቢሠራ የማይከፈል።

ይህን የማነሳው ለሒሳቡ ብዬ አይደለም። ጌታ የወንድማችን ዕዳ ኢምንት ነው አላለም። የእህታችን ወርቅ ተሽጧል። ያ መቶ ዲናር ነው። እውነተኛ ዕዳ ነው፣ ያማል። ይቅር በሉ የተባልነው ስላላመመን ሳይሆን እኛ የተተወልን ከዚያ እጅግ ስለሚበልጥ ነው። የዚያ ባሪያ ጥፋት ዕዳውን ዕዳ ማለቱ አይደለም። ባልንጀራው "ታገሠኝ፣ እከፍልሃለሁ" እያለው አንቆ ወደ ወኅኒ መላኩ ነው። የእናንተ ሰው ደግሞ እየከፈለ ነው።

"አትፍረዱ"ን በተመለከተ። ሰርቋል ማለት ፍርድ አይደለም፣ የሆነው ነገር ነው። ራሱም ተንበርክኮ ብሎታል። ሉቃስ 17 ላይ "ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፥ ቢጸጸትም ይቅር በለው" ተብሏል። መገሠጽ ከተፈቀደ ጥፋትን ጥፋት ማለት ተፈቅዷል። "ሌባ ምን ጊዜም ሌባ ነው" ማለት ግን ሌላ ነው። እሱ የሰውየውን መጨረሻ መወሰን ነው። ያዕቆብ "በሌላው የምትፈርድ አንተ ማን ነህ?" ያለው እንዲህ ያለውን ነው።

አባ ሙሴ ጸሊምን አስቡ። ሰኔ 24 የምናከብራቸው ኢትዮጵያዊው አባት። ከመመንኮሳቸው በፊት የወንበዴ አለቃ ነበሩ። በአስቄጥስ ገዳም አንድ ወንድም አጠፋና ሊፈርዱበት ጉባኤ ተጠራ። አባ ሙሴ እምቢ አሉ፤ ሲለመኑ የተቀደደ ዕቃ ውኃ ሞልተው በጀርባቸው አዝለው መጡ። ውኃው ከኋላቸው ይንጠባጠባል። ምንድን ነው ቢሏቸው "ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ አላየውም፤ ዛሬ በሌላው ልፈርድ መጣሁ" አሉ። ጉባኤው ወንድሙን ይቅር ብሎ ተበተነ። ወንበዴ የነበረ ሰው የመነኮሳት አባት ሆኗል። "ሌባ ምን ጊዜም ሌባ" ብንል ኖሮ አባ ሙሴ የሚባል አባት አይኖረንም ነበር።

ገንዘብ ያዥነቱ ግን የሹመት ጉዳይ ነው። በእሱ ላይ ሌሎች ቢናገሩ እወዳለሁ።

ወለተ ሥላሴ

ቃለ ሕይወት ያሰማልን ዲያቆን። የመቶውን ዲናር ነገር እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ዝምተኛዋ

እኔ ሌላ ወገን ልናገር። ተናድጄም ከሆነ ይቅር በሉኝ።

"አትፍረጂ" የሚለውን ቃል በሕይወቴ አብዝቼ የሰማሁት ስመታ ነው። ባሌ ነበር የሚመታኝ። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር እሱ ያለቅሳል፣ "ይቅር በይው፣ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?" እባላለሁ፣ ይቅር እላለሁ፣ ወደዚያው ቤት እመለሳለሁ። ከዚያ እንደገና። ፊቴ አብጦ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ ነጠላዬን ዝቅ አድርጌ እንጂ ለማንም አልናገርም ነበር። መናገር በባል ላይ መፍረድ ነው ተብያለሁና።

"የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ" ይባላል። ያልተወጋ ሰው ነው ቶሎ "በቃ እርሱት" የሚለው።

ያወጣኝ አንድ ቄስ ነበሩ። የሳኦልንና የዳዊትን ታሪክ አስነበቡኝ። ሳኦል ዳዊትን በጦር ሊወጋው ሞክሯል፣ በየበረሃው አሳዶታል። ዳዊት በዋሻው ውስጥ አገኘው፣ ሊገድለው ይችል ነበር፣ የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ። ሳኦል አለቀሰ፣ "ከእኔ ይልቅ አንተ ጻድቅ ነህ" አለው። ይቅርታ ማለት ይሄ ነው፤ ከልብ፣ ያለ በቀል። ግን የምዕራፉን መጨረሻ አንብቡ። አንደኛ ሳሙኤል 24። ሳኦል ወደ ቤቱ ሄደ፤ ዳዊትና ሰዎቹ ወደ አምባው ወጡ። አብሮት አልሄደም! እንዲያውም በምዕራፍ 26 ሳኦል እንደገና ሊያሳድደው ወጣ፣ ዳዊት ደግሞ እንደገና ራራለት፣ ያኔም እያንዳንዱ በየመንገዱ ሄደ። እግዚአብሔር ዳዊትን "ለምን አብረኸው አልገባህም" ብሎ አልገሠጸውም።

ይቅር ብዬዋለሁ። ክፉ እንዲያገኘው አልመኝም። ቤቱ ግን አልመለስም። የማኅበር ልጅ፣ ጥንቃቄህን ቂም ነው ብሎ ማንም አያስፈራራህ።

እናት ዓለም

እህቴ፣ እግዚአብሔር ቁስልሽን ይሻርልሽ። "ቻይው" ብለን ስንቷን መልሰናታል። የጻፍሽው ይነበብ።

የአዋሳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ፣ ጽዋ ማኅበር የለንም፣ ግን ይሄ ነገር በእኛም ቤት አለ። ብዙ ጊዜ "ተሐድሷል፣ ጌታ ይቅር ብሎታል" ተብሎ ሰውየው በወሩ መድረክ ላይ ይወጣል። ወይ ደግሞ ለዘላለም ይገለላል። መካከለኛውን መንገድ አናውቀውም።

2ኛ ቆሮንቶስ 2ን እዩት። በጉባኤው ውስጥ አንድ ሰው በድሏል፣ ብዙዎቹ ቀጥተውታል። ጳውሎስ ቅጣቱ ይበቃዋል፣ አሁን ይቅር በሉት፣ አጽናኑትም፣ ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ ይላቸዋል። ቀጥሎ ፍቅራችሁን አጽኑለት ይላል። ይቅር ማለት ብቻውን አልበቃውም። በሩ አጠገብ የሚቀመጠው ወንድም ያስፈለገው ይሄ ይመስለኛል፤ አንድ ሰው አጠገቡ ሄዶ ቢቀመጥ፣ ስለ ልጆቹ ቢጠይቀው።

ያው ጳውሎስ፣ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ ስለ ገንዘብ ሲናገር ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ብቻውን አይዘውም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሌላ ወንድም አብሮት ይሄዳል። ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን ይላል። በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም እንዲሆን። ጳውሎስ እኮ አልሰረቀም! ያልሰረቀ ሐዋርያ ምስክር ካስፈለገው፣ የሰረቀን ወንድም ብቻውን ገንዘብ ማስያዝ ለእሱም ፈተና ነው። ፍቅር አይደለም።

የማኅበር ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዝምተኛዋ፣ ያንቺን ሳነብ ቆሜ ቀረሁ። ለሙሴያችን የአዋሳውን ወንድም ሐሳብ ነገርኳቸው። "ጴጥሮስስ?" አሉኝ። "ሦስት ጊዜ ክዶ ጌታ ሥልጣኑን መልሶ የለም ወይ? በጎቼን ጠብቅ አላለውም?" ምን ልመልስላቸው?

ሒሳብ ሠራተኛ

ሙሴያችሁ ያነሱት ተገቢ ጥያቄ ነው፣ እንዲሁ አይታለፍም። ጌታ ጴጥሮስን መለሰው። ዮሐንስ 21 እንዲያውም በሁሉ ፊት ነው፣ እሳቱ ዳር፣ ሌሎቹ እያሉ። ስለዚህ "የወደቀ ሰው መቼም አይታመንም" የሚለው ተረት ይውደቅ። ግን ጌታ ልብን ያውቃል፣ እኛ አናውቅም። ጴጥሮስ ራሱ "አንተ ሁሉን ታውቃለህ" አለው እኮ። እኛ የምናየው ፍሬን ነው፣ ፍሬ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል።

ለእኔ የሚቀርበው የማርቆስ ታሪክ ነው። ማርቆስ በመጀመሪያው ጉዞ ጵንፍልያ ላይ ጥሏቸው ተመለሰ። ሁለተኛው ጉዞ ሲደርስ በርናባስ "እንውሰደው" አለ፣ ጳውሎስ "አይሆንም" አለ። የሐዋርያት ሥራ 15 እስኪለያዩ ድረስ ተከራከሩ ይላል። ሁለት ትልልቅ ሐዋርያት! እንደ እናንተ ማኅበር ለሁለት ተከፈሉ። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ጳውሎስ ሲላስን ያዘ። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛል አለው። የተወው ሰው ተመልሶ ተፈላጊ ሆነ። ጳውሎስ በመጠንቀቁ ቂመኛ አልተባለም፣ በርናባስም በማዘኑ ሞኝ አልተባለም። ሁለቱም ባይኖሩ ኖሮ ማርቆስ ላይመለስ ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ።

በሥራዬ የማየውን ልጨምር። ገንዘብ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በክፉ ሰው እጅ አይደለም። ማንም በማያየው ሰው እጅ ነው። መጀመሪያ "በደመወዝ እመልሰዋለሁ" ብሎ ይበደራል። ከዚያ መመለስ ያቅተዋል። እናንተ ሒሳቡን በየወሩ ታነቡ ነበር? ካላነበባችሁ ሰውየውን ብቻችሁን ትታችሁት ነበር ማለት ነው። ይህን የምለው ጥፋቱን ላቀልለት አይደለም፤ ጥፋቱ የሱ ነው።

ዲያቆኑ

የማርቆስ ታሪክ እጅግ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ንስሐ ያለ ካሳ አልነበረም። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል፣ ጌታም "ዛሬ መዳን ለዚህ ቤት ሆኖለታል" አለው። ንስሐ አባቱ ቀኖና ሰጥተውት ይሆናል፣ እሱ የእነሱ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ ማኅበሩ "በቃህ" ማለት የለበትም።

ከቨርጂኒያ

እኔ ከዚህ ከዋሽንግተን አካባቢ ነው የምጽፈው። ይቅርታና መታመን በአንድ ቀን አብረው እንደማይመጡ እኛ በዓይናችን አይተናል።

የ1983ቱ ለውጥ ከመጣ በኋላ ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ተሰደው ወደዚህ መጡ። ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለች፣ አባቶች እርስ በርስ ተወጋገዙ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሦስት ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ነበረን፤ የአዲስ አበባው ሲኖዶስ፣ የስደተኛው፣ ገለልተኛው። በቅዳሴ የፓትርያርክ ስም ሲነሳ የማን ስም እንደሚነሳ ሰምቶ የሚወጣ ሰው ነበረ። ወንድማማቾች የአንዱ ልጅ ክርስትና ሲነሳ ሌላው የማይመጣበት ቤት አውቃለሁ። "ያኛው ውግዝ ነው" ይባላል። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ እንዲህ ኖርን። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሃይማኖት!

በሐምሌ 2010 እዚሁ ዋሽንግተን አባቶች ታረቁ። ውግዘቱ ተነሳ። የሁለቱም አባቶች ስም አብሮ እንዲነሳ ተስማሙ፣ አቡነ መርቆሬዎስም አገራቸው ገቡ። ያን ቀን ያላለቀሰ ሰው አላየሁም። እናቴ መሬት ስማለች።

በማግስቱ ግን ምን ሆነ? ሕንፃው በማን ስም ነው፣ የቦርዱ ሰዎች እነማን ናቸው፣ ያኔ የሰደቡን ካህን እዚህ ይቀድሳሉ ወይ የሚሉ ጥያቄዎች መጡ። በእኛ ደብር ይህን ማስተካከል ዓመታት ወስዷል፣ አሁንም ያላለቀ አለ። አንዳንዱ ይህን አይቶ "እርቁ ውሸት ነበር" ይላል። እኔ አልልም። እርቁ እውነት ነበር። ውግዘቱ መነሳት ነበረበት፣ ያ ባይነሳ ሌላው ሁሉ ሊጀመር አይችልም ነበር። መተማመኑ ግን በፊርማ የሚመጣ ነገር አይደለም። አብሮ ቆሞ በማስቀደስ፣ ሐዘን በመድረስ፣ አብሮ ሒሳብ በመተሳሰብ ነው የመጣው።

ስለዚህ ለሙሴያችሁ ንገሯቸው፤ "ካልሾምነው ይቅር አላልነውም" የሚለው ስህተት ነው። "ካልረሳነው ይቅር አላልነውም" የሚለውም እንዲሁ።

ቤሩት ነኝ

ሁላችሁም ትልቅ ነገር ጻፋችሁ። እኔ ግን ትንሽ ፈራሁ። በጥንቃቄ ስም ይቅርታችን እያነሰ እንዳይሄድ።

በ2007 ሚያዝያ ሊቢያ ውስጥ የታረዱትን ወንድሞቻችንን ሁላችንም እናስታውሳለን። ቂርቆስ ሰፈር የተተከለውን ድንኳን በቴሌቪዥን አይተን አልቅሰናል። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ እዚያው ሊቢያ ባሕር ዳርቻ ላይ 20 ግብጻውያንና አንድ ጋናዊ ተሰይፈው ነበር። ከግብጻውያኑ የሁለቱ ወንድም በአንድ የክርስቲያን ቴሌቪዥን ላይ ደውሎ ተናገረ። ወንድሞቹ የጌታን ስም ሲጠሩ የሚሰማበትን ድምፅ ገዳዮቹ ቆርጠው ስላላወጡት አመሰገናቸው። እናቱ ገዳዩን ብታገኘው ቤቷ እንደምታስገባው ተናገረ። እግዚአብሔር ዓይናቸውን ይክፈትላቸው ብሎ ጸለየ። እኔ ይህን ሰምቼ አንዲት አሠሪዬን ይቅር ለማለት አቃተኝ የምለው ነገር አሳፈረኝ። ፓስፖርቴን ይዛ ደመወዜን ለወራት የከለከለችኝ ናት። የሞት ጉዳይ አልነበረም። አሁን ስሟን አንስቼ እጸልይላታለሁ።

ዝምተኛዋ

ቤሩት ነኝ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ያ ሰው የተናገረው የሰማዕታት ቤት ቃል ነው፣ እኔም ስሰማው እጄን አፌ ላይ ነው የጫንኩት። ግን ልብ በይ፣ ማንም አላስገደደውም። ማንም ማይክ ይዞ "ይቅር በል" አላለውም። ከራሱ ወጣ። እኛ ግን የሰውን ጸጋ አንስተን በሌላ የተጎዳ ሰው ላይ መለኪያ እናደርገዋለን። "እነሱ ይቅር ካሉ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?" ይባላል። ይሄም መፍረድ ነው።

ደመወዝሽን ለመጠየቅ መብት አለሽ። ይቅር ማለትሽ እሱን አይሰርዘውም።

ቤሩት ነኝ

እውነት ነው። ልክ ነሽ። ጠይቄ ከፊሉን ተቀብያለሁ። እየጸለይኩላት ነው የጠየቅኳት።

አወያይ

ማኅበሩ የት እንደሆነ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ የሚጠይቁ ሁለት መልእክቶች አጥፍቻለሁ። ስምና ሰፈር አይጠቀስ። በዚሁ በመልካሙ አነጋገር ቀጥሉ።

ወለተ ሥላሴ

አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። እዚህ ሁላችንም ስለ ማኅበሩ ይቅርታ እናወራለን። ገንዘቡ ግን የማኅበሩ አልነበረም፣ ለበሽተኛው የተሰጠ ነው። የተጎዳችው ወርቋን የሸጠችው ሴት ናት፣ ታሞ የሚጨነቀው ባሏ ነው። "ሚስትየውም አለች" ብለህ በአንድ መስመር አለፍካት። ሁሉም ሰው ባለበት፣ ሰውየው ተንበርክኮ እያለቀሰ፣ ንስሐ አባት ቆመው፣ "አይ፣ ገና አልቻልኩም" ማለት ትችል ነበር? እኔ ብሆን አልችልም። ባሏስ ተጠይቋል?

የማኅበሩን ሰው ማኅበሩ ይቅር ይበለው። በእሷ ፋንታ ግን ማንም ይቅር ማለት አይችልም።

ሒሳብ ሠራተኛ

ይሄ ነው ዋናው ነገር። የማኅበር ልጅ፣ ሴትየዋን ብቻዋን አነጋግሯት። ሴት ሰው ይዘህ ሂድ።

የማኅበር ልጅ

ወለተ ሥላሴ፣ በጥያቄሽ መሠረት ትላንት ከእህቴ ጋር ቤታቸው ሄድን። እጥበት ያልነበረበት ቀን ነው። እሱ ተኝቶ ነበር። እሷ ቡና አፈላችልን። ይጻፍ ወይ ብዬ ጠይቄ ፈቅዳለች፣ ስም ሳይጠቀስ።

ይቅር ብየዋለሁ አለች። "በዚያ ቀን ስል ግን አፌ ነው ያለው። ልቤ የመጣው ቆይቶ ነው፣ በጾም ውስጥ። ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ለባሌ እጸልያለሁ፣ ከዚያ ለእሱም እጸልያለሁ። ካልጸለይኩ ቁጣው ያንቀኛል" አለችን። ወርቋን አላነሳችም። እህቴ ስታነሳው "ወርቅ ነው፣ ተሸጦ ነፍስ አቆየ" ብላ ዝም አለች።

ሁለት ነገር ግን ለመነች። አንደኛ፣ ተራዋ ደርሶ ጽዋው ቤቷ ሲሆን ሰውየው ለጊዜው እንዳይመጣ። ባሏ ሲያየው ሌሊቱን አይተኛም። "እሱ ገና ነው፤ በሽተኛ ሰው አታስቸኩሉት" አለች። ሁለተኛ፣ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያቆመ "ይቅር አልሽው ወይ? አንቺማ ጻድቅ ነሽ" እንዳይላት። ሰልችቷታል። የማኅበሩ ሴቶች በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ እየጠሩ ይህንኑ ጠይቀዋታል።

ከዚያ ወደ ሰውየውም ሄድኩ። ስለ ገንዘብ ያዥነቱ ስንከራከር እሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ስነግረው ደነገጠ። "በእግዚአብሔር! ገንዘብ አታስነኩኝ። እኔ ራሴን አላምነውም እናንተ ልታምኑኝ ነው? ጽዋውን ብቻ አትከልክሉኝ" አለኝ። ስለ ሚስትየው ልመና ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ወር ቤቱ ሆኖ እንደሚጸልይ ነገረኝ። የቀረውን ክፍያ በማኅበሩ በኩል ሳይሆን እጥበት በሚደረግበት ቦታ በስማቸው በቀጥታ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ።

እናት ዓለም

ተመስገን። ልጄ፣ ሴቶቹን እኔ ብሆን ሰብስቤ እቆጣቸው ነበር። ታላቅ እናት ካላችሁ እሷ ትንገራቸው።

የአዋሳ ልጅ

"እኔ ራሴን አላምነውም" ያለው ሰው ላይ ጌታ እየሠራ ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን ብቻውን አትተዉት። ተባረክ ወንድሜ።

ሒሳብ ሠራተኛ

በቀጥታ ማስገባቱን እደግፋለሁ። ደረሰኙን ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሁለት ሰው ያሳይ። የማኅበሩን ገንዘብ ደግሞ በሦስት ሰው ስም በጋራ ሒሳብ አድርጉት፣ ሁለቱ ካልፈረሙ እንዳይወጣ። በየወሩ በ12 ከጸሎቱ በኋላ ሒሳቡ ይነበብ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አዲስ የምትመርጡትም ሰው ቢሆን በዚሁ ሥርዓት ይሁን፣ ቅዱስ ቢሆንም።

የማኅበር ልጅ

ይህንን አቀርባለሁ። አብዛኛው ሰው ይስማማል ብዬ አስባለሁ። ሙሴያችን ግን አሁንም አልተዋጠላቸውም። "ሰው ከጠላው ሰው ጋር ሒሳብ ይተሳሰባል፣ ከወንድሙ ጋር ግን አይተሳሰብም" ይላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ልባቸው ርኅሩኅ ነው። ማንበብ ይወዳሉ። ዲያቆን፣ የማርቆስን ታሪክና የመቶ ዲናሩን አትሜ ብወስድላቸው ምን ይመስልሃል?

ዲያቆኑ

ውሰድላቸው። 2ኛ ቆሮንቶስ 8ንም ጨምርበት፣ ከቁጥር 18 እስከ 21። ጳውሎስ ከወንድሞቹ ጋር ሒሳብ ሲተሳሰብ ያገኙታል።